ከመቀላቀሉ በፊት መለየት
በውኃ ውስጥ ስላሉ ከባድ ብረቶችና ስለ መለያ ሬዚን ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ ትምህርት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በትንሹ አቃቂ ወንዝ ግራና ቀኝ ያሉ አጥቢያዎች ስለ ልማት ሲመክሩ በውኃ ጉዳይ ሊመልሷቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። በወንዙ ውኃ የቤተ ክርስቲያኑን የጓሮ አትክልት ማጠጣት ይገባልን? በግቢው የተቆፈረው ጉድጓድ ውኃ ለመጠጥ ይሆናልን? «ከባድ ብረትን ይለያል» ተብሎ የሚቀርብ ማጣሪያ ቢገኝ በምእመናን ገንዘብ ልንገዛው ይገባልን? ሦስቱም ጥያቄዎች በአንድ ዕውቀት ላይ የቆሙ ናቸው፤ ይኸውም በውኃ ውስጥ የሟሟ ብረት እንዴት ተመርጦ እንደሚለይ ማወቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ዕውቀት ከመሠረቱ ጀምረን እናቀርባለን።

ወንዙና የሚሸከመው

ትንሹ አቃቂ ከከተማችን ሰሜን ምዕራብ ካለው ከፍታ ተነሥቶ በኮልፌ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳል። መካኒሳንና ላፍቶን አልፎም ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል። ትልቁ አቃቂ ከሰሜን ምሥራቅ መጥቶ በዚያው ሐይቅ ይገናኘዋል፤ ከዚያ በኋላ ውኃው ወደ አዋሽ ይጓዛል። በከተማው የሚጣለው ነገር በከተማው አይቀርም፤ ከታች ያሉ ገበሬዎችና ከብቶቻቸውም ይቀበሉታል።

ወንዙ በመንገዱ ላይ ከመኖሪያ ቤት የሚወጣ ፍሳሽ፣ ከቆዳ ፋብሪካ የሚለቀቅ ውኃ፣ ከጋራዥና ከብረት ሥራ ቤቶች የሚታጠብ ዘይትና ቅባት፣ ከአሮጌ ባትሪ የሚፈስ አሲድ፣ ከቀለምና ከብረት ቅብ የሚተርፍ ዝቃጭ ይቀላቀልበታል። በዚሁ ወንዝ ዳር ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመንና ድንች ለዘመናት ሲመረት ኖሯል፤ የከተማው ገበያም ከዚህ ማሳ ይቀበላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ይገባናል፤ አትክልት አምራቹ መርዙን አላመጣም። ከላይ የተለቀቀው ደርሶበት በእጁ ባለው ውኃ ልጆቹን ያሳደገ ሰው ነው። ስለዚህ ይህ ትምህርት እርሱን ለመውቀስ የቀረበ አይደለም።

ፍስሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ የሚመረቱ ቅጠላ ቅጠል አትክልቶች የያዙትን ብረት መርምረዋል። ከጥናቱ ከሚገኙት ትምህርቶች አንዱ ሁሉም አትክልት እኩል አለመሆኑ ነው፤ ሰላጣና ቆስጣ ብረትን ወደ ቅጠላቸው ይበልጥ ሲስቡ ጥቅል ጎመን ግን ያነሰ ይይዛል። በሥር በኩል ወደ ቅጠሉ የገባ ብረት ደግሞ በመታጠብ አይወጣም። መታጠብ የሚያነሣው በላዩ ያለውን አፈርና ጀርም ነው።

ከባድ ብረት ከሌላው ብክለት በምን ይለያል?

ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ለምእመናን ደጋግመው ሊያስተምሩት የሚገባው የመጀመሪያው ነጥብ ይህ ነው፤ ጀርም ይሞታል፣ ብረት ግን አይሞትም። ውኃን ማፍላት ወይም ክሎሪን መጨመር ተቅማጥ የሚያመጣውን ጀርም ይገድላል፤ እርሳስን ወይም ካድሚየምን ግን አይነካም። እንዲያውም ሲፈላ ውኃው ስለሚተንና ብረቱ ስለሚቀር በቀሪው ውኃ ውስጥ ያለው መጠን ይጨምራል።

ሁለተኛው ነጥብ መጠኑ እጅግ ትንሽ ሆኖ ሳለ ጉዳቱ ትልቅ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መመሪያ በ1 ሊትር ውኃ ውስጥ እርሳስ ከ0.01 ሚሊ ግራም፣ ካድሚየም ከ0.003 ሚሊ ግራም፣ አጠቃላይ ክሮሚየም ከ0.05 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይላል። ይህን ያህል ብረት ዓይን አያየውም፣ ምላስም አይቀምሰውም። ጥርት ያለ ውኃ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም፤ የደፈረሰ ውኃም ሁልጊዜ ብረት አለበት ማለት አይደለም።

እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ለሕፃን ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አልተገኘለትም። ካድሚየም በኩላሊት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይከማቻል፤ አጥንትንም ያደክማል። በጃፓን ቶያማ አውራጃ፣ በጂንዙ ወንዝ ዳር የነበሩ ገበሬዎች ከላይ ካለ የማዕድን ማውጫ ካድሚየም በተቀላቀለበት ውኃ ሩዝ ያጠጡ ነበር። አጥንታቸው እየሳሳ በትንሽ ንቅናቄ ይሰበር ስለነበር በሽታው በአገሩ ቋንቋ «ያመኛል፣ ያመኛል» የሚል ትርጉም ያለው ስም ወጣለት። የጃፓን መንግሥት የበሽታው መነሻ ካድሚየም መሆኑን በይፋ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። እነዚያ ሰዎች የተጎዱት በመስኖ በኩል ከምግባቸው ጭምር ነውና ለአትክልት ማሳ ባለቤቶች ታሪኩ ቅርብ ነው።

ወንፊት የማይዘው

ደለል ከውኃ ጋር ሲቀላቀል ብናስቀምጠው ይዘቅጣል፤ በጨርቅ ብናጠልለውም ይቀራል። ጨው ግን በውኃ ከሟሟ በኋላ በየትኛውም ነጠላ ብናጠልለው አብሮ ያልፋል። የሟሟ ብረትም እንደ ጨው ነው። በውኃ ውስጥ የሚገኘው አዮን በሚባል መልክ ነው፤ አዮን ማለት የኤሌክትሪክ ሙል የተሸከመ እጅግ ደቂቅ ቅንጣት ነው። እርሳስ፣ ካድሚየም፣ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ በአብዛኛው አዎንታዊ ሙል ይይዛሉ። በወንዝ ውስጥ ከብረቱ ከፊሉ ከጭቃው ጋር ተጣብቆ ሲሄድ ከፊሉ ሟሟ ይሆናል። የተጣበቀው በማዝቀጥና በአሸዋ ማጣሪያ ይቀንሳል፤ የሟሟውን ግን ወንፊት አይዘውም። ለዚህኛው የሚያስፈልገው ቅንጣቱን በሙሉ ለይቶ የሚያውቅ ነገር ነው።

ሬዚን እንዴት ይሠራል?

ሬዚን የሚለው ቃል መጀመሪያ ከዛፍ ለሚወጣ ሙጫ የተሰጠ ስም ነው፤ በቤተ መቅደስ የምናጥነው እጣንም ከዚህ ወገን ነው። ዛሬ ለውኃ ሥራ የሚውለው ሬዚን ግን በፋብሪካ የሚሠራ ፕላስቲክ ነው። እያንዳንዱ ፍሬ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ወይም በጥቂቱ የሚበልጥ ክብ ሲሆን፣ በብዛት ሲታይ የዓሣ እንቁላል ይመስላል። በፍሬው ውስጥ ከፕላስቲኩ ጋር የተያያዙ፣ አሉታዊ ሙል ያላቸው እጆች አሉ። እነዚህ እጆች በመጀመሪያ ሶዲየም ይዘው ይቀመጣሉ። ውኃው በፍሬዎቹ መካከል ሲያልፍ እጆቹ ሶዲየሙን ለቀው በምትኩ እርሳሱን ወይም መዳቡን ይይዛሉ። አሠራሩ «የአዮን ልውውጥ» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

ይህን ጠባይ ሰው መጀመሪያ ያስተዋለው በአፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1850 አካባቢ ቶምሰንና ዌይ የተባሉ እንግሊዛውያን የእርሻ አፈር የማዳበሪያን አሞኒየም ይዞ በምትኩ ካልሲየም እንደሚለቅ ተገነዘቡ። አዳምስና ሆልምስ እ.ኤ.አ. በ1935 የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሬዚን አወጡ፤ በ1940ዎቹም ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበት የፖሊስቲሪን ፍሬ ተሠራ።

መምረጥ የሚችለውና የማይችለው

ገበያ ላይ «ሬዚን አለው» የሚባል ማጣሪያ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ተራው ሬዚን የውኃን ክብደት የሚቀንስ፣ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን የሚይዝ ነው። እርሳስን ከካልሲየም በጥቂቱ ቢያስቀድምም በውኃ ውስጥ ያለው ካልሲየም ብዛት ያጥለቀልቀዋል። በምሳሌ እናስላው። የአንድ አጥቢያ ጉድጓድ ውኃ በሊትር 60 ሚሊ ግራም ካልሲየምና 0.05 ሚሊ ግራም እርሳስ አለው እንበል፤ ይህ እርሳስ ከመመሪያው 5 እጥፍ ነው። አጥቢያው በቀን 2,000 ሊትር ቢጠቀም በየቀኑ 120 ግራም ካልሲየምና 0.1 ግራም ብቻ እርሳስ ያልፋል። የካልሲየሙ መጠን የእርሳሱን 1,200 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። 1 ሊትር ተራ ሬዚን 40 ግራም ያህል ካልሲየም ስለሚይዝ፣ 10 ሊትር ሬዚን ከ3 ቀን በጥቂት አልፎ ይሞላል። ገንዘባችን በአብዛኛው የሚያልቀው ጉዳት የሌለውን ካልሲየም በመያዝ ነው።

ለዚህ መፍትሔ የተሠራው ሁለተኛው ወገን «ኪሌት አድራጊ ሬዚን» ይባላል። ስሙ የመጣው የሸርጣን ጥፍር ከሚል የግሪክ ቃል ነው። እጆቹ ብረቱን ከአንድ ወገን ብቻ ሳይሆን እንደ ጉጠት ከሁለትና ከሦስት ወገን ይይዙታል፤ በጥፍሩ ውስጥ በሚገባ የሚገጥመው ብረትም ከሌላው ተመርጦ ይያዛል። አሚኖ ዳይ አሴቲክ የተባለ እጅ ያለው የታወቀ ሬዚን በመጠኑ አሲድነት ባለው ውኃ ውስጥ እርሳስን ከካልሲየም ከ1,000 ጊዜ በላይ ያስቀድማል፤ መዳብን ደግሞ ከ2,000 ጊዜ በላይ። ይኸው ሬዚን ግን ካድሚየምን የሚያስቀድመው 15 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ለእርሳስ ብርቱ የሆነው ለካድሚየም ደካማ ሊሆን ይችላል። ለባዜቃ ደግሞ ድኝ ያለበት እጅ የያዘ ሌላ ሬዚን ይመረጣል።

ሦስተኛው ወገን «አውጪ ሬዚን» ነው። በዚህ ዓይነቱ ፍሬ ቀዳዳዎች ውስጥ አንድን ብረት ለይቶ የሚስብ ፈሳሽ ይጠጣል። ለምሳሌ ክራውን ኢተር የሚባለው ውህድ እንደ ቀለበት የተሠራ ነው፤ በቀለበቱ ልክ የሚገባውን ስትሮንቲየም ወይም እርሳስ ይዞ ሌላውን ያሳልፋል። ይህ ሬዚን በቤተ ሙከራ ለምርመራ እጅግ ይጠቅማል። ፈሳሹ ቀስ በቀስ ከፍሬው ስለሚታጠብ ግን ለአጥቢያ የመጠጥ ውኃ የሚመከር አይደለም።

አሁን ለክፍለ ከተማችን እጅግ ወደሚቀርበው ብረት፣ ወደ ክሮሚየም እንምጣ። ክሮሚየም በሁለት መልክ ይገኛል። ቆዳ ለማልፋት የሚውለው ባለ ሦስት ክሮሚየም ሲሆን አዎንታዊ ሙል አለው። ባለ ስድስት ክሮሚየም የሚባለው ግን ይበልጥ መርዛማ ነው፤ በውኃ ውስጥም ከኦክስጅን ጋር ተያይዞ አሉታዊ ሙል ይይዛል። እንግዲህ እርሳስን የሚይዘው ሬዚን አሉታዊ እጅ ያለው ስለሆነ ባለ ስድስቱን ክሮሚየም አይይዘውም፤ በመካከሉ አልፎ ወደ ብርጭቋችን ይመጣል። እርሱን የሚይዘው ሌላ፣ አዎንታዊ እጅ ያለው ሬዚን ነው። «ብረትን ሁሉ ይለያል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥመን የመጀመሪያው ጥያቄያችን «የትኛውን ብረት? በምን መልኩ ያለውን?» የሚል መሆን ያለበት ስለዚህ ነው።

ሬዚን ይሞላል፤ ብረቱም ቦታ ይለውጣል

ከላይ በስሌቱ እንዳየነው ማንኛውም ሬዚን ልክ አለው። ሲሞላ ድምፅ አያሰማም፤ የውኃውም ጣዕም አይለወጥም። ብረቱ ብቻ እንደ ቀድሞው ማለፍ ይጀምራል። ስለዚህ በየጊዜው የማይመረመር ማጣሪያ ከማጣሪያ እጦት የከፋ ነው፤ ሰው ተማምኖ ይጠጣልና።

የሞላው ሬዚን በአሲድ ሲታጠብ የያዘውን ብረት ይለቃል፤ ከዚያም እንደገና ያገለግላል። ያ የታጠበበት አሲድ ግን ከብዙ ሺህ ሊትር ውኃ የተለቀመው ብረት ሁሉ በጥቂት ሊትር ውስጥ የተከማቸበት ነው። ይህን በግቢው ቦይ የሚያፈስስ አጥቢያ ወንዙን ዳግመኛ በከለ፤ ያውም በጠነከረ መርዝ። መለየት ማለት ማጥፋት አይደለም። ብረቱ የት እንደሚሄድ ያልተመለሰለት ዕቅድ ያላለቀ ዕቅድ ነው።

መለየት የሚገባው የት ነው?

እናቶቻችን ጤፍን የሚያበጥሩት ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ነው። አሸዋው ከእህሉ ጋር አንድ ላይ ከተፈጨ በኋላ ማንም ሊለየው አይችልም። የብረትም ነገር እንዲሁ ነው። የወንዙ ውኃ ጭቃ፣ የቤት ፍሳሽ፣ ቅባትና ሳሙና የተቀላቀለበት ነው፤ ሬዚን በዚህ ውስጥ ቢገባ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ፍሬው በቅባት ይሸፈናል። ወንዙን በሬዚን ማጽዳት የሚያዋጣ ሥራ አይደለም።

በፋብሪካው ቱቦ ጫፍ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። በዚያ ውኃው ጥቂት ነው፣ ብረቱ ብዙ ነው፣ ዓይነቱም የታወቀ ነው። በተለመደው የቆዳ አለፋፍ ዘዴ ከሚጨመረው ክሮሚየም ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው በቆዳው ሳይያዝ ከውኃው ጋር ይወጣል። ይህ ውኃ ከሌላው ፍሳሽ ሳይቀላቀል ለብቻው ቢጠራቀም፣ እንደ ማግኒዚየም ኦክሳይድ ባለ አሲድን በሚያረክስ ውህድ ክሮሚየሙ እንዲዘቅጥ ይደረጋል። ዝቃጩም በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ ለሚቀጥለው ቆዳ ያገለግላል። ከዚህ የተረፈውን ጥቂት ብረት ለመልቀም ነው ሬዚን ተገቢ ቦታውን የሚያገኘው። መርዝ የነበረው ነገር ለባለ ፋብሪካው ንብረት ይሆንለታል።

ነቢዩ ኤልሳዕ የኢያሪኮን ውኃ በፈወሰ ጊዜ ጨውን የጣለው በየቤቱ ባለ እንስራ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውኃው ምንጭ ወጥቶ እንደ ነበረ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 2 እናነባለን። የእርሱ ሥራ ተአምር ነው፤ የእኛ ሥራ ግን ግዴታ ነው። በአገራችንም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለት ያደረሰ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያዝዛል። ሰበካ ጉባኤ በወንዙ ላይ ያየውን በጽሑፍና በፎቶግራፍ መዝግቦ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይዞ፣ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማቅረብ ይችላል፤ ይህም የልማት ሥራ ነው።

ሰበካ ጉባኤ በተግባር ምን ያድርግ?

1. አስቀድሞ ማስመርመር። ማጣሪያ ከመግዛት በፊት ውኃው ብረትን መለካት በሚችል ቤተ ሙከራ ይመርመር። የናሙናውን ዕቃና አወሳሰድ ቤተ ሙከራው ራሱ ይንገረን፤ በቤት የተገኘ የዘይት ጀሪካን አይሆንም። እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም በስማቸው ተጠቅሰው ይጠየቁ፤ ክሮሚየሙ ባለ ሦስት ይሁን ባለ ስድስት ይለይ። በበጋና በክረምት ሁለት ጊዜ ቢለካ ይመረጣል።

2. ውጤቱ ከመመሪያው በታች ከሆነ ለብረት ማጣሪያ ገንዘብ አለማውጣት። ያ ገንዘብ ለመጸዳጃ ቤት ወይም ለጉድጓዱ መክደኛ ቢውል ይሻላል።

3. ውጤቱ ከመመሪያው በላይ ከሆነ በመጀመሪያ ሌላ ውኃ መፈለግ። የቧንቧ ውኃ ባለበት አጥቢያ ጉድጓዱን ከመጠጥ አግልሎ ለጽዳት ማዋል ብዙ ጊዜ ከማንኛውም ሬዚን ርካሽ ነው።

4. ማጣሪያ የግድ ከሆነ ከሻጩ አራት ነገር በጽሑፍ መቀበል፦ የትኛውን ብረት እንደሚይዝ፣ ስንት ሊትር ካሳለፈ በኋላ እንደሚሞላ፣ በማን እንደሚመረመር፣ የሞላው ሬዚን ወይም የታጠበበት አሲድ ወዴት እንደሚሄድ።

5. የጓሮ አትክልት። ያልተመረመረ የወንዝ ውኃ ለሰላጣና ለቆስጣ አይዋል። ለነዳያንና ለአጸደ ሕፃናት ልጆች ምግብ የሚሆን አትክልት በተመረመረ ውኃ ብቻ ይጠጣ።

6. ጸበል። የጸበል ምንጭ ከወንዙ አጠገብ ከሆነ ዙሪያውን ከጎርፍና ከፍሳሽ መከለል፣ በላዩም ጋራዥ ወይም የባትሪ ሥራ እንዳይከፈት መከታተል የእምነት መጉደል አይደለም። የተቀደሰውን በክብር መጠበቅ ነው።

7. አሮጌ ባትሪ። በመኖሪያ ግቢ ባትሪ የሚሰብሩና እርሳስ የሚያቀልጡ ምእመናን ካሉ ካህናት በንስሐ አባትነታቸው ቀርበው ይምከሩ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዱት የራሳቸው ልጆች ናቸው።

ለውይይት

ይህ ጽሑፍ በሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ከተነበበ በኋላ እነዚህ ጥያቄዎች ቢነሡ መልካም ነው። በአጥቢያችን ውኃ ከስንት ቦታ ይቀዳል? ከእነዚህ ውስጥ ለብረት የተመረመረው የትኛው ነው? ከአጥቢያችን በላይ በወንዙ ዳር ምን ዓይነት ሥራዎች አሉ? ከእኛ በታች ያሉትስ ከእኛ ምን ይቀበላሉ?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። ከላይ ላለው ሰው እኛ የታች ሰዎች ነን፤ እስከ አባ ሳሙኤልና እስከ አዋሽ ላሉት ወገኖች ደግሞ እኛ የላይ ሰዎች ነን። ከላይ ያለው ሰው ከመቀላቀሉ በፊት እንዲለይልን የምንሻ ከሆነ፣ እኛም ለታቹ ሰው ይህንኑ እናድርግ።